ጅሬን፣ የጣልያን ጅማ ወይስ የቡናው ዘመን? ለፍቅርና ለምስጢር ልብ ወለድ መቼት አመራረጥ

ጅማ ላይ ተቀምጦ ታሪካዊ ልብ ወለድ ለመጻፍ ያሰበ ሰው መቼት አያጣም፤ የሚቸግረው ከበዛው መካከል አንዱን መለየት ነው። ጅሬን ኮረብታ ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። ፈረንጅ አራዳ በኩል የጣልያን ዘመን ቤቶች አሉ። ሒርማታ ከከተማው በፊት ገበያ ነበር፣ ዛሬም ገበያ ነው። ቡናው ደግሞ በሁሉም ዘመን አለ። ብዙ ጀማሪ መጀመሪያ ዘመኑን ይወድና ታሪኩን የሚፈልግለት ኋላ ነው። እንዲህ የተጻፈ መጽሐፍ በቅሎው፣ ካባው፣ የዕጣኑ ጢስ ሁሉ አምሮለት 60ኛው ገጽ ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣል።

ስለዚህ አንድ መለኪያ ይዘን እንነሣ። የፍቅር ልብ ወለድ ከዘመኑ የሚፈልገው ክልከላ ነው፤ የምስጢር ልብ ወለድ ከዘመኑ የሚፈልገው መዝገብ ነው። ሁለት ሰዎችን የሚለያይ እውነተኛ ኃይል ከሌለ ፍቅራቸው በሁለት ምዕራፍ ያልቃል። ደራሲው አለመግባባት እየፈጠረ ያስረዝመዋል፣ አንባቢው ደግሞ «ለምን ቁጭ ብለው አይነጋገሩም?» እያለ ይሰለቻል። በሌላ በኩል ማን የት እንደዋለ፣ ምን እንደተጫነ፣ ስንት እንደተከፈለ የሚናገር ምልክት ካልቀረ መርማሪው የሚመረምረው የለውም። ያኔ ወይ በሕልም ይገለጥለታል፣ ወይ ወንጀለኛው ራሱ ይናዘዛል። ሁለቱም የአንባቢን ድካም ከንቱ ያደርጋሉ። መዝገብ ስንል ወረቀት ብቻ ማለታችን አይደለም፤ የዝናብ ቀን፣ የጭነት ክብደት፣ የጨረቃ ዕድሜም መዝገብ ነው።

«መቼት» የሚለው ቃላችን ራሱ «መቼ»ንና «የት»ን ያጣመረ ነው። ቦታውን ብቻ መርጦ ጊዜውን «ድሮ» ብሎ የተወ ሰው መቼት ገና አልመረጠም።

ጅሬን በአባ ጅፋር ዘመን

ዳግማዊ አባ ጅፋር የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ነው። ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን እንደያዙ መቆየታቸው ለልብ ወለድ ትልቅ ስጦታ ነው። ግዛቱ የራሱ ሞቲ (ንጉሥ)፣ የራሱ አባ ቆሮዎች (የየአካባቢው ገዥዎች)፣ የራሱ ሕግ ያለው ዓለም ሆኖ ለረጅም ጊዜ ዘልቋል። የንጉሡ ሚስቶች ገኔ ይባላሉ። ወንዶች በፈረስ ስም ይጠራሉ፤ አባ ጅፋርም የፈረስ ስም ነው። ይህች ብቻዋን ለፍቅር ታሪክ ትበቃለች፤ ወንዱን በትውልድ ስሙ የምትጠራው ሴት ማን እንደሆነች ማንም ሳይነግረው አንባቢው ያውቃል።

ክልከላው እዚህ እውነተኛ ነው። ማዕረግ፣ ሃይማኖት፣ የቤተሰብ ስምምነትና የጥሎሽ ጣጣ ሁሉ አለ። ከሁሉ የምንመክረው «አሴና» የሚባለውን የኦሮሞ የጋብቻ ሥርዓት ማጥናት ነው። ልጅቱ ሳትጠየቅ፣ በራሷ ፈቃድ፣ ወደ መረጠችው ሰው ቤት ትገባለች። ቤተሰቡም በባህሉ መሠረት ገፍቶ ሊያስወጣት ይከብደዋል። ሴት ገጸ ባሕርይዎ የምትወስንበት፣ ከዘመኑም ያልወጣ መንገድ ይህ ነው። ብዙ ጀማሪ ለጀግናዋ የዛሬን አፍ ይሰጣትና በ1880ዎቹ ስለ ነጻነት ንግግር ታደርጋለች፤ አሴና ግን ያለ ንግግር ሥራውን ይሠራል።

ቤተ መንግሥቱ በእንጨት የተሠራ፣ በረንዳ ያለው ነው። የእንጨት ወለል ድምፅ ያወጣል፤ በሌሊት የተራመደ ሰው ይሰማል። ለፍቅር ትዕይንት ይህ ወርቅ ነው። ጫማዋን አውልቃ፣ የማይጮኸውን ሳንቃ እየመረጠች የምትራመድ ሴት ከአሥር መስመር የናፍቆት ቃል ትበልጣለች።

ነገር ግን የዚህ ዘመን ውበት የሚሸፍነው ጥላ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሒርማታ ገበያ ላይ ሰው ይሸጥ ነበር። የባላባቱን እልፍኝ የሚጠርገው፣ ማሩን የሚቀዳው፣ በቅሎውን የሚጭነው አብዛኛውን ጊዜ ባሪያ ነው። በአገሪቱ ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በ1890ዎቹ የሚካሄድ የፍቅር ታሪክ ውስጥ ቡና የምታቀርበውን ልጅ ያለ ስም፣ ያለ ዓይን አሳልፎ መጻፍ ዘመኑን ማሳመር ሳይሆን መዋሸት ነው። ስም ይስጧት። ከተቻለ ምስጢሩን የምታውቀው እሷ ትሁን፤ ያለ እሷ በዚያ ቤት ምንም አይደረግምና።

ለምስጢር ልብ ወለድ ግን ጅሬን አስቸጋሪ ነው። ፖሊስ የለም፣ ፍርዱ የባለሥልጣኑ ነው፣ ማንበብ የሚችለው ጥቂት ሰው ነው። ደብዳቤ የታሪኩ ቁልፍ ከሆነ ማን እንደጻፈው፣ በምን ፊደል እንደተጻፈ፣ ለማን እንደተነበበ መወሰን አለብዎት። በዐረብኛ የተማረ ሼህ አንብቦ ሲተረጉም አንዲት ቃል ቢለውጥ ጥሩ ሴራ ይወጣዋል። ከዚያ ውጭ መርማሪውን ነጻ ሆኖ የሚያስጠይቅ ሥልጣን ማግኘት ይከብዳል።

የጣልያን አምስት ዓመት

ጣልያን ጅማን ከያዘ ጀምሮ እስከ ሰኔ 1933 ዓ.ም. ድረስ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ አጭርነቱ ግን ለደራሲ ይጠቅማል። እዚህ ክልከላውም መዝገቡም በአንድ ላይ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1937 የወጣው የፋሺስት አዋጅ የጣልያን ዜጋ ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖሩን ከለከለ፤ ለጥፋተኛው ጣልያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ነበረው። በአንጻሩ ከወሊሶ እስከ ጅማ በኩል እነ ገረሱ ዱኪ የመሯቸው አርበኞች ጫካ ናቸው። ቀን የጣልያን ጽሕፈት ቤት የሚሠራ፣ ሌሊት ስንቅ የሚያቀብል ሰው ለፍቅርም ለምስጢርም ይበቃል።

አስተዳደሩ ወረቀት ይወዳል፤ ሪፖርት ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል። ከዚህ ላይ አንድ ፍንጭ በዝርዝር እናሳይ። የፋሺስት መንግሥት ከተለመደው ዓመት አጠገብ የራሱን ዘመን ይጽፍ ነበር። ቆጠራው የሚጀምረው ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲሆን አዲሱ ዓመት በየጥቅምቱ 29 ይገባል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 1937 የተጻፈ ደብዳቤ «15ኛ ዓመት» ማለት አለበት፤ በእኛ ጥር 2 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው። ደብዳቤውን ኋላ ተቀምጦ የፈጠረ ሰው 15ን ከጥር እስከ ጥር መስሎት እ.ኤ.አ. ኅዳር 1937 ላይ «15» ብሎ ይጽፋል። መሆን የነበረበት 16 ነው። መርማሪዎ ይህን ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልገውም፤ በዚያ ቢሮ የሠራ ጸሐፊ ከሆነ ይበቃዋል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ዘበኛው «ሦስት ሰዓት ላይ ሲወጣ አየሁት» ይላል። አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ያስተላልፋል፤ መኮንኑ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ይመዘግበዋል። ዘበኛው ያለው ግን ከምሽቱ 3 ነው። ስድስት ሰዓት ጠፋ፤ በስድስት ሰዓት ሰው ገድሎ ተመልሶ መተኛት ይቻላል። ለአማርኛ አንባቢ ከዚህ የተሻለ እንቆቅልሽ አናውቅም። መፍትሔው በየቀኑ እጁ ላይ ያለ ነገር ነውና ሲገለጥለት በራሱ ይናደዳል፣ ደራሲውን ግን ያመሰግናል።

የዚህ ምርጫ አደጋ ሁለት ነው። አንደኛው ወራሪውን ማቆንጀት ነው። መኮንኑ መልከ መልካም፣ ፒያኖ የሚጫወት፣ ከሌሎቹ የተለየ ሆኖ ይመጣል፤ ልጅቱ ደግሞ እምቢ ብትል ምን ይደርስባት እንደነበር አንድም ገጽ ላይ አይታይም። እምቢ ማለት የማትችል ሴት እሺታዋ ፍቅር አይባልም። ትዕይንቱን ከመጻፍዎ በፊት እምቢ ያለችበትን ስሪት ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው አስፈሪ ከሆነ ታሪክዎ የፍቅር ሳይሆን ሌላ ነው፣ እንደዚያው ይጻፉት። ሁለተኛው አደጋ አርበኛና ባንዳን በጥቁርና ነጭ መክፈል ነው። ምስጢር የሚኖረው ሁሉም ተጠርጣሪ የሚደብቀው ነገር ሲኖረው ነው።

የቡናው ዘመን፣ ከነጻነት እስከ አብዮቱ

ከ1933 እስከ 1966 ዓ.ም. ያለውን ጅማ ደራሲዎች ይንቁታል፤ በእኛ አስተያየት ግን ለመጀመሪያ የምስጢር መጽሐፍ ከሦስቱም ይሻላል። ፖሊስ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ፣ የጭነት መኪና አለ፣ ነጋዴው ደብተር ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1952 የእርሻ ትምህርት ቤቱ በኦክላሆማ መምህራን ሲከፈት ከየክፍለ ሀገሩ ወጣት ወደ ከተማዋ መጣ። እንግዳ ሰው የሚገባበት ከተማ ለምስጢር ይመቻል፤ ለፍቅርም የነጋዴ ልጅና ተማሪ መገናኘታቸው አይቀርም። ክልከላው ከጅሬን የለዘበ ቢሆንም የሃይማኖት ልዩነትና የቤተሰብ ስም ገና ያስፈራል።

የዚህ ዘመን መዝገብ ቡናው ራሱ ነው። 6 ኪሎ ቀይ እሸት ቡና ደርቆ ተፈልፍሎ 1 ኪሎ ገደማ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል። እንግዲህ አንድ ነጋዴ 120 ኩንታል እሸት ገዛሁ ብሎ 28 ኩንታል ንጹሕ ከጫነ፣ ስምንቱ ከየት መጣ? መውጣት የነበረበት 20 ኩንታል፣ በፈረሱላ 118 ያህል ነው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና። መርማሪዎ ሚዛን ሠራተኛ ቢሆን በአንድ ገጽ ሌባውን ይይዘዋል። በፀሐይ የሚደርቅ ቡና ደግሞ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት አልጋ ላይ ይቆያል። «ባለፈው ሳምንት ለቅሜ፣ አድርቄ፣ ሸጥኩት» ያለ ተጠርጣሪ ዋሽቷል። እንዲህ ያለውን ውሸት አንባቢው በ40ኛው ገጽ ይስማው፤ የማድረቂያውን ጊዜ በ70ኛው ገጽ አንዲት እናት ለልጇ ስታስረዳ ያግኘው፤ ሁለቱን የሚያገጣጥመው ግን 180ኛው ላይ ይሁን።

አንድ ስሕተት ደጋግመን አይተናል። የቡና መሬት ውርስ ለማግኘት ሲባል የተፈጸመ ግድያ በ1968 ዓ.ም. ይቀመጣል። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ትርፍ ቤት ተወርሷል። የሚወረስ ከሌለ የግድያው ምክንያት ከነሥሩ ይነቀላል። ታሪኩን ወደ 1965 ይመልሱት፤ ወይም ምክንያቱን ወደ ቡና ኮንትሮባንድ ይለውጡት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1975 የብራዚልን ቡና ውርጭ መትቶት በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የዓለም ዋጋ ንሯልና 1968 እና 1969 ለኮንትሮባንድ ተስማሚ ናቸው።

ለየትኛውም ዘመን የሚሠሩ መዝገቦች

ጨረቃ። ጅማ የሙስሊም በዓላት የሚከበሩባት ከተማ ስለሆነች የሂጅራው ወር የጨረቃን መጠን በነጻ ይነግርዎታል። በዒድ አልፈጥር ዋዜማ ጨረቃዋ ቀጭን ናት፣ ፀሐይ ከጠለቀች ትንሽ ቆይታ ትገባለች። በዚያች ሌሊት በሙሉ ጨረቃ ሥር የሚሳሳሙ ፍቅረኞች የጻፈ ሰው የሰፈሩን አዛውንት ሁሉ ያስቃል። ለፍቅር መውሊድን ይምረጡ፤ በ12ኛው ሌሊት ጨረቃዋ ልትሞላ ምንም አልቀራት። ለስርቆት የረመዳን መጨረሻ ሌሊቶች ይሻላሉ፤ ጨለማ ነው፣ ብዙ ሰውም ቤቱን ትቶ መስጊድ ያድራል።

አበባ። ቡና ከደረቁ ወራት በኋላ ዝናብ በመታው በ8 እስከ 10 ቀን ውስጥ በአንድ ላይ ያብባል። ብዙውን ጊዜ ይህ የካቲትና መጋቢት ላይ ነው። ጫካው ነጭ ይለብሳል፣ ሽታው ከሩቅ ይጠራል፣ በሁለትና በሦስት ቀን ይረግፋል። ፍቅረኞች «አበባው ሲፈነዳ እንገናኝ» ቢባባሉ ቀኑን ማንም አያውቀውም፤ ዝናቡ ግን ያውቀዋል። ለመርማሪም ይጠቅማል። «አበባው ላይ አየኋት» ያለ ምስክር የመጀመሪያው ዝናብ የጣለበት ቀን ከታወቀ በጥቂት ቀናት ስፋት ውስጥ ይያዛል። ከአበባ እስከ ለቀማ ስምንትና ዘጠኝ ወር ስለሆነ ቡናውና የዚያ ሰሞን ጽንስ በአንድ ወቅት ይደርሳሉ፤ የጅሬንን የፍቅር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም።

ብር። የማርትሬዛ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። 1,000 ብር 28 ኪሎ ነው፤ 5,000 ብር 140 ኪሎ። ጀግናዎ 5,000 ብር በከረጢት አንጠልጥሎ በመስኮት ሊዘል አይችልም፤ ሁለት በቅሎ ያስፈልገዋል፤ በቅሎ ደግሞ ዱካ ይተዋል። ሌላው፣ ከ1780 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተቀረጸ ማርትሬዛ ሁሉ መቼም ይቀረጽ መቼ «1780» የሚል ዓመት ብቻ ነው የያዘው። በሳንቲሙ ላይ ካለው ዓመት ተነሥቶ ምስጢር የሚፈታ መርማሪ ስለዚህ አይሠራም።

መንገድ። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የነጋዴ በቅሎ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ብትሄድ 14 ቀን ይፈጃል፣ ያውም በበጋ። በክረምት ጊቤ ይሞላል። በጅሬን ታሪክ ውስጥ መልእክት በአራት ቀን የሚመላለስ ከሆነ የታሪኩ መሠረት ተናጋ።

በርጩማ። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ፣ አዘውትሮ ከዋንዛ፣ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ መገጣጠሚያ የለውም። ስለዚህ እግሩን ነቅሎ ወረቀት መደበቅ አይቻልም። ከሥሩ ግልብጥ አድርጎ ያየ ሰው ግን የመጥረቢያውን ምት አቅጣጫ ያገኛል። ግራኝ ጠራቢ የተወው ምት ከሌላው ተቃራኒ ይጋደማል፤ አንዲት ፍንጭ ከዚህ ይወጣል።

ሁለቱን መቀላቀል

ፍቅርና ምስጢር በአንድ መጽሐፍ ሊኖሩ ይችላሉ፣ አከርካሪው ግን አንድ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የመጨረሻዎቹን አሥር ገጾች ያስቡ። አንባቢው እስከዚያ የሚጠብቀው «ማን ነው?» የሚለውን ከሆነ መጽሐፉ የምስጢር ነው፤ «ይገናኙ ይሆን?» የሚለውን ከሆነ የፍቅር ነው። ሁለቱንም እኩል ለማስኬድ የሞከረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው መሐል ላይ ነው። የፍቅር ትዕይንት በመጣ ቁጥር ምርመራው ይቆማል፣ አንባቢው ገጹን እየዘለለ ፍንጭ ይፈልጋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በምስጢር መጽሐፍ ውስጥ እያንዳንዱ የፍቅር ትዕይንት አንድ ፍንጭ ይያዝ። ሻሿን ስትፈታ የወደቀችው የቡና ገለባ፣ ልጁ ሳያስበው የጠራው የወንዙ ስም፣ የአዌቱን ወንዝ ተሻግሮ የመጣ ሰው ጫማ ላይ ያለ ጭቃ።

ለመጀመሪያ መጽሐፍ 50,000 ቃል፣ በተለመደው ኅትመት 200 ገጽ ያህል፣ ይበቃል። ለምስጢር ከ4 እስከ 6 ተጠርጣሪ ይያዙ። ከዚያ በላይ ከሆነ አንባቢው ስም ይቀላቅላል፣ በተለይ ሁሉም «አባ» ብለው ሲጀምሩ። ስለዚህ ከ«አባ» ቀጥሎ የሚመጣውን ፊደል ያለያዩ፤ አባ ጎሞልና አባ ጎጃምን በአንድ ምዕራፍ አያገናኙ። ዋናው ፍንጭ ከመጽሐፉ መጨረሻ አምስተኛ እጅ በፊት ለአንባቢ መታየት አለበት። ለፍቅር ደግሞ ሁለቱ ሰዎች ከ20ኛው ገጽ በፊት ይተያዩ፤ ክልከላው ከ40ኛው በፊት ስም ይኑረው።

እንግዲህ ፍቅር ብቻ ከሆነ ጅሬን፤ ምስጢር ብቻ ከሆነ የቡናው ዘመን፤ ሁለቱን በአንድ ለማስኬድ የጣልያን አምስት ዓመት። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል፣ ቢያንስ አንድ መጽሐፍ ለጨረሰ ሰው ነው የምንመክረው።

ከመጻፍዎ በፊት

የማይገባ ዕቃ ያስወጡ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ገደማ ነው፤ አባ ጅፋር በነገሡ ማግስት ጅሬን ላይ የባሕር ዛፍ ጥላ የለም። ያኔ «ጅማ» የግዛቱ ስም ነው። ገጸ ባሕርይዎ «ሒርማታ ወረድኩ»፣ «ጅሬን ወጣሁ» ይበል እንጂ «ጅማ ከተማ ገባሁ» አይበል። ንግግሩ በኦሮምኛ እንደተካሄደ አንባቢው ያውቃል። ሞቲ፣ ገኔ፣ መሰራ (ቤተ መንግሥት)፣ አባ ቆሮ የሚሉትን ይዘው ሌላውን በንጹሕ አማርኛ ያስኬዱ፤ በየመስመሩ የኦሮምኛ ቃል እየወረወሩ ማስጌጥ ቋንቋውን ጌጥ ማድረግ ነው።

ጅማ ሙዚየም ገብተው የአባ ጅፋርን ዕቃዎች ሲያዩ ውበታቸውን ሳይሆን አያያዛቸውን ይጻፉ፤ የትኛው በአንድ እጅ ይነሣል፣ የትኛው ሁለት ሰው ይፈልጋል። ጅሬን ሲወጡ ከበሩ እስከ መስጊዱ ያለውን በእርምጃ ይቁጠሩ፤ ከበረንዳው ላይ ማን እንደሚታይ፣ ማን እንደማይታይ ይሳሉ። የምስጢር ጸሐፊ ከሆኑ ይህ ሥዕል ጠረጴዛዎ ላይ ይዋል።

አዛውንት ሲጠይቁ «ድሮ እንዴት ነበር?» አይበሉ፤ የሚያገኙት ምስጋና ወይም ምሬት ነው። «እናትዎ ሐሙስ ገበያ ስትሄድ ምን ትይዝ ነበር? ስንት ሰዓት ትነሣለች? ሲመሽባት የት ታድራለች?» ብለው ይጠይቁ። አንዱን ጥያቄ ለሦስት ሰው፣ ለየብቻ። ሁለቱ ከተስማሙ ይጠቀሙበት፤ ሦስቱም ከተለያዩ ያ ልዩነት ራሱ ለተጠርጣሪዎች ቃል ይሆንዎታል። የባላባቶቹ ዘሮች ዛሬም በከተማዋ አሉና በታሪክ የሚታወቁትን ሰዎች ከሩቅ ያሳዩ፤ የሚያፈቅረውም የሚገድለውም እርስዎ የፈጠሩት ሰው ይሁን፣ ስሙም ከማንም ቤት ያልተወሰደ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አሁንም ከሁለት ዘመን መካከል ካመነቱ፣ አንዱን ትዕይንት በሁለቱም ይጻፉት፤ ሁለት ሁለት ገጽ ይበቃል። ሴትየዋ በሌሊት ከቤት ወጥታ አንድ ሰው ትጠብቃለች። ጅሬን ላይ የምትፈራው ማንን ነው? በ1950ዎቹ ሒርማታስ? የበለጠ የፈራችበት የፍቅር መጽሐፍዎ ነው፤ መውጣቷን የሚያሳብቅ ብዙ ነገር የተወችበት ደግሞ የምስጢሩ።